ከግርጌ የተሰረዙት ስሞች

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፭

የገጽ ቁጥር ከየት ላምጣለት? ዛሬ ሦስቴ ጠየቀኝ። ሦስቴም «መጽሐፉ የለም፣ ሙሴ፤ ዳቡስ ወንዝ ወስዶታል» አልኩት። ሁልጊዜ እንደ አዲስ ወሬ ነው የሚሰማው።

ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን «እሱ» ነው። ይህቺን ያህል ለራሴ ፈቅጃለሁ።

ሙሴ የምለው ፈረንሳዊው ጌታዬ ስለ አሶሳ አገርና ስለ በርታ ቋንቋ የጻፈውን ፓሪስ ላለ አንድ የሊቃውንት ማኅበር ይልካል። ማኅበሩ በየጊዜው የሚያሳትመው መጽሔት አለው፤ እዚያ ውስጥ ይወጣለታል። የሱ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል አጥርቶ መገልበጡ በኔ ላይ ወደቀ። ፈረንሳይኛውን በልጅነቴ ምፅዋ፣ ሚሲዮን ቤት ነው የተማርኩት፤ ዓረብኛውን እዚያው ወደብ ላይ ከጀልባ ሰዎች። ሁለቱም አንድ ቀን ለዚህ ይዳርጉኛል ብዬ አላሰብኩም።

ጀላባዎቹ፣ የሱዳን ነጋዴዎቹ፣ የሚመጣው ሰኞ ጠዋት ወደ ሮሴሬስ ይወርዳሉ። ከዚያ በጀልባ፣ ከዚያ በመርከብ። ካመለጡን ሌላ ቅፍለት መቼ እንደሚነሣ ማንም አያውቅም። እንግዲህ ያለን አንድ ሳምንት ነው።

ማኅበሩ የላከው የታተመ ወረቀት ነፋስ እንዳይወስደው በድንጋይ ተጭኖ ጠረጴዛው ላይ አለ። ደንቡ ይህ ነው፦
መጀመሪያ የጸሐፊው የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የራሱ ስም።
የመጽሐፉ ስም ከሥሩ ይሰመርበት።
የታተመበት ከተማ፣ ዓመቱ፣ ገጹ።
ዝርዝሩ በፊደላቸው ተራ ይሁን።
በጽሑፉ ውስጥ ቁጥር ይግባ፤ ቁጥሩ በገጹ ግርጌ ይፈታ።
ከመጽሐፍ ያልተወሰደ ነገር ቢኖር፣ የተናገረው ሰው ማን እንደሆነና የት እንደተናገረ ይጻፍ።

የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ደስ አለችኝ።

ሙሴ ይህን ሁሉ «ረፌራንስ» ይለዋል። እኔ ለራሴ «ዋቢ» ብዬዋለሁ። ዳኛ ፊት ቀርቦ «እኔ አለሁለት» እንደሚለው ሰው ማለቴ ነው።

ጾም ዛሬ ገባ። የማሽላ ገንፎ በጨው፣ ከባሚያ ጋር። ሙሴ ዶሮ በላ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፮

መጻሕፍቱ ዘጠኝ ነበሩ። ዳቡስን ስንሻገር ሳጥኑ ተንሸራቶ ገባ፤ አራቱን አወጣን። ከአራቱ አንዱን ምስጥ ጨረሰው። የቀሩት ሦስቱ ገጾቻቸው እንደ ቂጣ ተጣብቀዋል። ሙሴ ግን ጽሑፉ ውስጥ ዘጠኙንም ዋቢ ይጠራል።

ከጠዋት ጀምሮ የጀርመኑን ተጓዥ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ አስጥቼ በቀርከሃ ስንጣሪ ገጾቹን አንድ በአንድ ስላቅቅ ዋልኩ። ትንሽ ድል፦ ከቀትር በኋላ ሙሴ የሚፈልገውን ቦታ አገኘሁት። ሁለት መቶ ስድስተኛው ገጽ። ሮጬ ወሰድኩለት።

አነበበው። ፊቱ ተለወጠ። ጀርመኑ የሚለው ሙሴ በልቡ ይዞት ከነበረው ተቃራኒው ነው። ሙሴ «በዚህ አገር ወርቅ የሚያጥቡት ሴቶች እንደሆኑ እሱም ይመሰክራል» ብሎ ጽፏል። ጀርመኑ ግን ወንዶች ናቸው ይላል።

«ምን ልጻፍ?» አልኩት።

«የገጹን ቁጥር ጻፈው፤ ቃሉን እንዳለ ተወው» አለኝ። «እዚያ ድረስ ሄዶ ገልጦ የሚያይ የለም።»

ለሰጠሙት መጻሕፍት ደግሞ ከራሱ ይሰጠኝ ጀመር። ዓይኑን አጥብቦ ጣሪያውን ያያል፤ «መቶ አሥራ ስምንት» ይላል። ቆየት ብሎ «አይ፣ መቶ ሃያ አካባቢ ነው» ይላል። እኔም እጽፋለሁ። በጥሩ ጽሕፈት፣ ያለ ስርዝ ድልዝ። ውሸት በጥሩ ጽሕፈት ሲጻፍ እንዴት እንደሚያምር ዛሬ አየሁ።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ይገባኛል። ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ በደብዳቤ «ያለ መጻሕፍት ምን ሊቅነት አለ» ብሎት ነበር። ደብዳቤውን ከደረት ኪሱ አይለየውም። አንዳንዴ አዝንለታለሁ። ዛሬ ግን አላዘንኩለትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፯

ስለ ወርቅ የሚናገረው ክፍል ላይ ደረስኩ። ይህ የኔ ነው። ማለቴ፣ ከኔ ደብተር የተቀዳ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሙሴ ባምባሲ ላይ በወባ ተኛ። መቀመጥ እንኳ አይችልም ነበር። «አንተ ቅደም፤ አሶሳ ግባና ቃል ሰብስብልኝ» ብሎ ላከኝ። እሱ እዚህ የደረሰው ሁሉ ነገር ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው።

እዚህ መጀመሪያ ያገኘሁት ፈቂ ኢድሪስን ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ቁርዓን ያስተምራሉ። በርታኛው የአፍ መፍቻቸው፣ ዓረብኛው የትምህርታቸው ነው። እሳቸው ወደ ዓረብኛ ይመልሱልኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ስለ ወርቅ ስጠይቃቸው ግን ሳቁ። «እኔ የመጽሐፍ ሰው ነኝ። ይህን የምታውቅ ሐዋ ናት» አሉኝና ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ ወሰዱኝ።

ሐዋ ቢንት አልሐሰን። ዕድሜዋ ከኔ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ፣ ገበቴዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችን። ሰላምታችንን የመለሰችው ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ነው።

ለወርቅ ስንት ስም እንዳላት! በውኃ ላይ እንደ ዱቄት የሚንሳፈፈው የራሱ ስም አለው። ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚገኘው ሌላ። ከዝናብ በኋላ በእግር መንገድ ላይ የሚለቀመው ሌላ። ወርቅ መስሎ ሰውን የሚያሞኘው አሸዋ ሳይቀር ስም አለው። ሙሴ በኋላ ይህን ሲያነብ «ይህ ብቻ ለዝና ይበቃል!» ብሎ ጮኸ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ቃል መስጠቷን አቋረጠች። ለፈቂ አንድ ነገር ነገረቻቸው።

«ይህ ወረቀት የት ነው የሚሄደው ትላለች» አሉኝ።

«ባሕር ማዶ።»

«ሰው ያነበዋል ወይ ትላለች።»

«ብዙ ሰው።»

«እንግዲያው የወንድሜን ስም ጻፍ። ካልጻፍክ ከዛሬ ወዲያ ቃል የለም ትላለች።»

ወንድሟ ጣሂር ይባላል። ከሦስት ዓመት በፊት ራሳቸው ግብር ሆነው ከተነዱት ሰዎች ጋር ወደ ደጋ ሄደ። በሕይወት ይኑር አይኑር አታውቅም። ያነበበ ሰው ሁሉ ስሙን ካየ አንዱ «እኔ አየሁት» ይላል ብላ ነው። ቃል ሰጠኋት። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ።

ዛሬ ቃሌን ጠበቅሁ። ከአሥራ አራተኛው ቁጥር እስከ ሃያ አንደኛው ድረስ ግርጌው ላይ እንዲህ ብዬ ገለበጥኩ፦ «ይህን ቃል የሰጠችን ሐዋ ቢንት አልሐሰን ናት፤ በአሶሳ ወንዝ ወርቅ የምታጥብ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ለግብር የተነዳው የጣሂር እኅት። ወደ ዓረብኛ የመለሱት ፈቂ ኢድሪስ።» ደንቡ ያዘዘው ይህን አይደል? የተናገረው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተናገረ።

በደስታ ጻፍኩ። ልብ በል፣ በደስታ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፰

ሁሉንም ሰረዘው። በቀይ እርሳስ። ስምንቱንም።

«ገብሬ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ዋቢ ነው፣ ሙሴ። ደንቡ የተናገረው ሰው ይጻፍ ይላል።»

«ደንቡን አንብቤዋለሁ። ይህች ሴት ምን ጽፋለች?»

«ምንም አልጻፈችም። እርስዎ የጻፉትን ግን የተናገረችው እሷ ነች።»

«ፓሪስ ላይ ሐዋን ማን ያውቃታል? የማይታወቅ ሰው እንዴት ዋቢ ይሆናል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ይህ የግብር ነገር። የይለፍ ደብዳቤዬ የጃንሆይ ማኅተም ያለበት ነው። ነገ ይህን ጽፏል ቢባል ማን በዚህ አገር ያሳልፈኛል? አንተስ ማን ያሳልፍሃል?»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

«በምትኩ ምን ልበል?»

«‹ጸሐፊው ራሱ አሶሳ ላይ ከአገሬው አፍ የሰማው› በል።»

ከአፌ አመለጠኝ። «እርስዎ ያን ጊዜ ባምባሲ ተኝተው ነበር» አልኩ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አንተ የኔ ጆሮ ነበርክ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ጆሮ ለብቻው ስም አያስፈልገውም።»

ሦስት ቅጠል እንደገና ገለበጥኩ። እያንዳንዱን ቅጠል እያነበበ ከታች የስሙን መጀመሪያ ፊደል ይፈርምበታል፤ እንዳልለውጥ ነው መሰለኝ።

ዛሬ ከጽሑፉ የወጡት፦ ሐዋ ስምንት ጊዜ። ጣሂር ስምንት ጊዜ። ፈቂ ኢድሪስ አሥራ አንድ ጊዜ። የኔ ስም አልነበረም፤ ስለዚህ አልተሰረዘም።

ያልወጡት፦ መቶ አሥራ ስምንተኛ ገጽ። ሁለት መቶ ስድስተኛ ገጽ። ወንዝ የበላቸው መጻሕፍት በሙሉ፣ ከነከተማቸውና ከነዓመታቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፱

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ፈቂ ኢድሪስ ዘንድ ሄድኩ። መስጊዱ አጠገብ፣ የቀርከሃው አጥር ሥር ተቀምጠው ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

አልተገረሙም። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ። «እኔ ይህን መጽሐፍ ከመምህሬ ተማርኩ» አሉ ጉልበታቸው ላይ ያለውን እየነኩ። «መምህሬ ከመምህራቸው፣ እሳቸው ሲናር ከነበሩት። ተማሪዬ ይህን የስም ሰንሰለት ሳይዝ ቃሉን ብቻ ቢይዝ አላስመርቀውም። የኔን ስም ይሰርዘው፣ ግድ የለም፤ አላህ ያውቀኛል። የእሷ ግን… ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ አንተ እኮ ቃል ሰጥተሃታል። የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔም ሰጥቻለሁ።»

«ምን ላድርግ?»

«ቢያንስ አትዋሻት።»

የሚሉኝ ሁሉ ትክክል ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው ትክክል ነው፣ ከኔ በቀር።

ሙቀቱ ከባድ ነው። ከወንዙ ማዶ ሣር እያቃጠሉ ነው፤ አመዱ ወረቀቱ ላይ ይወርዳል። እፍ ስለው ይሰመራል። አንድ ቅጠል ተበላሽቶብኝ እንደገና ገለበጥኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፳

ዋሸኋት።

ገበያ ላይ አገኘችኝ። በእርግጥ አይቻት ነበር፤ በጨው ነጋዴዎቹ መሐል ሹልክ ልል ስል ከፊቴ ቆመች። አማርኛዋ ወታደሮቹ ከመጡ ወዲህ ከገበያ የለቀመችው ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች።

«አንተ ጻፍክ? ወንድም የኔ፣ ስሟ ጻፍክ?»

«ጽፌዋለሁ» አልኩ።

ስምንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ይህ ውሸት አይደለም። እንዲህ እያልኩ እስከ ቤት ድረስ ራሴን እያታለልኩ መጣሁ። ፈቂ ትናንት የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ይባስ ብላ ከዘንቢሏ እፍኝ ሙሉ ለውዝ ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። በላሁትም።

ዝርዝሩ አላለቀም። ሙሴ ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ሁለት ጋቢ ደረበ።

እሑድ፣ ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን

ሙሴን ወባው ይዞታል። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ኪኒኑን በማር ሰጠሁት፤ አስመለሰው፤ እንደገና ሰጠሁት። ማለዳ ላይ ጠርቶ «ዓይኔ አያይም። የመጻሕፍቱን ዝርዝር አንተ ጨርሰውና አሽገው። ነገ ጀላባዎቹ እንዳያመልጡህ» አለኝ። የመሸኛ ደብዳቤውን ፈረመ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ጽሑፉን ልነካው አልችልም፤ እያንዳንዱ ቅጠል ላይ ፊርማው አለ። ዝርዝሩ ላይ ግን ገና አልፈረመም።

ከበሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ደህና በሆነበት ተቀመጥኩ። የታተመውን ደንብ ከፊቴ አደረግሁ። የጣሊያኑን ጻፍኩ። የእንግሊዙን ጻፍኩ። ሙሴ በእንቅልፉ ያቃስታል። የጀርመኑ ቦታ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩና ጓሮ ዞሬ መጣሁ። እንደገና ተቀመጥኩ። እንደገና ተነሣሁ።

ይህ ሰው ባምባሲ ላይ ሊሞት ሲል «እናቴን» እያለ እጄን ይዞ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፣ አንዳንዴ። ስሙን በራሱ ማኅበር ፊት ላሳጣው ነው? እሺ። የሷስ?

በመጨረሻ ጻፍኩት። በፊደላቸው ተራ፣ በጀርመኑና በሌላ ፈረንጅ መካከል፣ እንደ ሌሎቹ አድርጌ፦

«ቢንት አልሐሰን፣ ሐዋ። የወርቅ አጠባ ቃሎች፣ በአፍ የተነገረ። አሶሳ።» ዓመቱን አስከተልኩ። የገጽ ቁጥር በሚገባበት ቦታ «በጽሑፉ ከቁጥር ፲፬ እስከ ፳፩ ያለው ሁሉ የእሷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለግብር ከአሶሳ የተነዳው የጣሂር እኅት።» ከሥሩ አሰመርኩበት። ዝቅ ብዬ ፈቂ ኢድሪስን ከነትርጉማቸው አስገባሁ።

የራሴን ስም ለመጻፍ ብዕሬን አነሣሁና መለስኩት። ትሕትና አይደለም። የሚፈልገኝ ሰው ቢመጣ እንዳያገኘኝ ብዬ ነው።

የሐሰቱን ገጽ ቁጥሮች እንዳሉ ተውኳቸው። እነሱ የሱ ናቸው።

ጥቅሉን በሰም አሸግሁ፤ በቆዳ ሰፋሁት። ከስንት ቀን በኋላ ዛሬ ገና ምግብ ጣመኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር ፳፪

ጀላባዎቹ ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ጥቅሉን ለአለቃቸው በእጁ ሰጠሁት። ግመሎቹ ከዓይኔ እስኪጠፉ ቆምኩ። ፓሪስ ላይ አንድ ሰው ያነበዋል፣ «ይህች ማን ናት?» ይላል፣ ወይ ይተወዋል ወይ ያወጣዋል። ከእንግዲህ የኔ እጅ የለበትም።

ከዚያ ፈቂን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ለሐዋ እውነቱን ነገርኳት፤ ሙሴ ሰርዞት እንደነበር፣ ቅዳሜ እንደዋሸኋት፣ ትናንት በዝርዝሩ ውስጥ እንዳስገባሁት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። አዎ፣ ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። እዚህ ደብተር ላይ ካልዋሸሁ እንግዲህ እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ገበቴዋን ደረቅ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። በበርታኛ ረጅም ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ወንድሜን የወሰዱት ፈረንጆች ናቸው ወይ? ትላለች።»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ለምን በፈረንጅ ፊደል ጻፍክ? የወሰዱት ሰዎች የሚያነቡት ያንተን ፊደል ነው ትላለች።»

ሐዋ ራሷ፣ በዚያች በገበያ አማርኛዋ ጨመረችልኝ፦ «አንተ ያውቃል። ነጭ በቅሎ ያለው ሰውዬ። አንተ ያውቃል።»

አውቃለሁ። ይህን እስከ ዛሬ እዚህም አልጻፍኩትም። የጣሂርና የሌሎቹ ቡድን ለማን እንደደረሰ አሶሳ ውስጥ ያልሰማ የለም። ነጭ በቅሎ የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ሹም ነው። ወደዚህ ስንመጣ ዳቡስን ሳንሻገር ቤቱ አድረናል። ጠጁን ጠጥቻለሁ። ጓሮው እንጨት የሚፈልጡ፣ ውኃ የሚቀዱ የዚህ አገር ሰዎች ነበሩ። ከመሐላቸው አንዱ ጣሂር ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም፤ ያን ጊዜ ሐዋን አላውቃትም። ካወቅኋት በኋላስ? ወሬውን የሰማሁት ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ስሟን ፓሪስ ለማድረስ ሳምንት ሙሉ ስታገል፣ የአራት ቀን መንገድ ላይ ላለ ቤት አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፓሪስ ሰዎች ሊያስሩኝ አይችሉም።

የሹሙን ስም አሁንም አልጽፈውም። ይህ ደብተር ቢገኝስ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፳፫

ሙሴ ተነሥቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሄደ?» ብሎ ነው።

«ሄዷል።»

«ዝርዝሩን እንዴት አድርገህ ጨረስከው?»

«ደንቡ እንደሚለው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ሾርባውን ጠጣ። መጽሔቱ ታትሞ እስኪመጣ ድረስ አያውቅም። ያን ጊዜ አብረን እንኖር እንደሆነ እንጃ።

ዛሬ ከጦር ሰፈሩ ደብዳቤ ይዞ በባምባሲ በኩል ወደ ደጋ የሚወጣ መልእክተኛ እንዳለ ሰማሁ። በዚያ ሹም ቤት ጸሐፊ የሆነ፣ ምፅዋ አብሮኝ የተማረ ሰው አለ፤ ቤቱ ያደርን ዕለት ተቃቅፈን ተላቅሰናል። ጠዋት ተቀምጬ በአማርኛ ጻፍኩለት። በገዛ ቋንቋዬ መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አራት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። «ከአሶሳ ከመጡት ሰዎች ውስጥ ጣሂር የሚባል፣ የአልሐሰን ልጅ አለን? በሕይወት አለን? እኅቱ ሐዋ ትጠይቃለች። እኔም እጠይቃለሁ» አልኩ። ከታች ስሜን ጻፍኩ፤ ሙሉውን፣ ገብረ ኪዳን ብዬ ከነአባቴ።

ሐዋና ፈቂ እኔ ዘንድ መጡ። ከመታሸጉ በፊት ይነበብልኝ አለች። በአማርኛ አነበብኩ፤ ፈቂ መለሱላት።

ስጨርስ «ጣሂር ብለው ይጠሩታል እንዴ? ትላለች» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ልክ ናት። እንዲህ ያለ ቤት የገባ ሰው ስሙ ይለወጣል፤ ክርስትና ያነሡታል፣ ወይ ደስ ያላቸውን ያወጡለታል። ጣሂር ብሎ የሚያውቀው ላይኖር ይችላል። ስምንት ጊዜ ጽፌ፣ አንድ ጊዜ ፓሪስ ልኬ፣ ይህ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም።

«ምልክት የለውም? ጠባሳ?» አልኩ።

አሰበች። ምልክት የለውም። ቁመቱ እንደ ሰው ሁሉ ነው። መልኩ እንደ አገሩ ሰው ነው። ከዚያ ሁለት እጆቿን እንደ ገበቴ አድርጋ ዘረጋች፤ ቀስ ብላ ዙሪያውን አሽከረከረቻቸው።

«ከልጅነቱ ጀምሮ ከእኔ ጋር ወርቅ አጥቧል ትላለች» አሉ ፈቂ። «ውኃ ሲሰጡት እንዲሁ አይጠጣም። መጀመሪያ ዕቃውን ሁለት ሦስቴ ያዞረዋል፣ ታቹን ያየዋል፣ ከዚያ ነው የሚጠጣው። እናታችን ስትቆጣው ኖራለች፤ አልተወውም። ይህን የሚቀይሩት አይመስለኝም ትላለች።»

ደብዳቤውን መልሼ ዘረጋሁ። ከስሜ በላይ ትንሽ ቦታ ነበረች፤ በቀጭኑ ጻፍኩ፦ «ስሙ ተለውጦ እንደሆነ፣ ከዚህ አገር ለመጡት ወንዶች በየተራ ውኃ በዋንጫ ስጣቸው። ሳይጠጣ ዋንጫውን የሚያዞረው እሱ ነው። ‹ሐዋ አለች› በለው።»

መልእክተኛው ከቀትር በፊት የባምባሲን መንገድ ይዞ ሄደ። ሐዋ እስከ ከተማው ጫፍ ከኋላው ተከተለችው፤ ከዚያ ወደ ወንዟ ተመለሰች።

ወዳጄ ያነበዋል ወይስ ደብዳቤውን ለጌታው ያሳየዋል? አላውቅም። ሙሉ ስሜ ግን አሁን የባምባሲ መንገድ ላይ ነው።